ሃያ አንደኛው በር

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማራኪ፣ ጌም ቤቴ፤
አራት ልጅ ወንበር ላይ፣ ሁለት ልጅ በፊቴ።
ውዴ ገባች ዝም ብላ፣ ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ አቅፋ፣
ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ሁለት ፊደል የጠፋ።
«የእንየው ነው» አለች፤ «ያቆመው ጨዋታው፤
ወደዚህ ያሻግሩልኝ፣ ቡድኑን ከነዋንጫው።»

እንየው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረደ
ሁለተኛው መስከረም ያለ ወሬ ነጎደ።
ከዚያች ጥግ ወንበር ላይ ነበር፣ በአምስት ብር የሚከራከረኝ፣
መቆጣጠሪያዬን በላቡ አሟሙቶ «ደህና እደሩ» የሚለኝ።

«ቀላል ነው» አልኋት።
(ይህን ቃል ባልኩ ቁጥር ገመድ ሁሉ ይስቃል።)

ኬብሉን ሰካሁ። ነቀልሁ። ጫፉን በሸሚዜ ጠረግሁ።
እፍ አልሁበት፤ ደግሜ ሰካሁ፤ አዳመጥሁ።
አራት ጊዜ ፒንግ ሰደድሁ፤ አራቴ «ጊዜው አልፏል» አለ፤
እንደ መተማው ስልክ፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለ።

«ቫይረስ ነው» አለ አንዱ። «ያረጀ ነው ዕቃው!»
«በጥፊ በሉትማ፣ የኛ ቤት ቴሌቪዥን እንዲያ ነው የሚነቃው።»

ቁጥሩን ፈተሽሁ፣ ነጥብ በነጥብ።
ለካስ ላፕቶፑ የፋርማሲውን ዋይፋይ ስቧል ከግድግዳ ማዶ፤
ኮንሶሉ በኔው ራውተር ቁጭ ብሏል፣ ጆሮው ባዶ።
ከአድራሻቸው ሦስተኛው ቤት አንዱ ዜሮ፣ አንዱ አንድ ነው፤
ክንድ ለክንድ ተጠጋግተው አንዱ ላንዱ ባዕድ ነው።

አዛወርሁት ወደኔ። አድራሻውን በእጄ ጻፍሁ፤
አንድ መቶ ዘጠና ሁለት፣ አንድ መቶ ስልሳ ስምንት፣ እንደ ዳዊት ደገምሁ።

ፒንግ! መለሰ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤
ፋይሉ ግን አልገባም፤ ዘበኛ አለበት ግንቡ።
ፋየርዎል ይሉታል። ግንብ ለጎንደሬ ብርቅ አይደለም ብዬ
ቅንብሩን ከፈትሁ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ።
የፋሲል ግቢን በሮች አሥራ ሁለቱንም አውቃለሁ፤
ልጅ ሳለሁ ከያንዳንዱ በዘበኛ ተባርሬ ወጥቻለሁ።
የዚህ ግን ሃያ አንደኛው ነው፣ ፋይል የሚገባበት፤
ማን ዘጋው? እኔው ነኝ፤ አምና፣ ሌባ በፈራሁበት።

ከፈትሁት።
አረንጓዴዋ መስመር ተንቀሳቀሰች፤
አሥር በመቶ። ሠላሳ። ውዴ ከንፈሯን ነከሰች።
ሰባ። ዘጠና አራት።
ድርግም።

ማንም አልጮኸም። ለመብራት መጥፋት ሻማ አለን እንጂ ለቅሶ የለን።
ሻማውም አልቆ ነበር፤ በስልኬ ብርሃን ተቀመጥን።
ልጆቹ አንድ በአንድ ሄዱ። እሷ ቁጭ አለች።
«ሲመጣ ከየት ይጀምራል? ከዜሮ?» ብላ ጠየቀች።
«አንዳንዱ ካቆመበት ይቀጥላል» አልኋት፣ «አንዳንዱ ከዜሮ።»
የኛው የትኛው እንደሆነ አልነገርኋትም። አላውቅማ።
«እማዬ» አለች ቆይታ፣ «በሩን ማታ ማታ አትቀረቅርም።»
ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከዜሮ ጀመረ። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አለቀ።
ሜዳው በራ፤ የስም ዝርዝሩ ደመቀ።
የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማልያ ለብሶ ቆሟል፤
ፋርማሲስቷ አጥቂ ናት፤ የጋራዡ ተካልኝ ተከላካይ ሆኗል።
በረኛው እኔ ነኝ፤ ቦርጬን ትንሽ እንኳ አልቀነሰልኝም።
አሥር ቁጥር ውዴ ናት፣ አምበል፤
(ቁመቷን ጨምሮላታል፤ ይህን አላነሳሁባትም።)

«እሱስ?» አለች። ጣቷ በዝርዝሩ ላይ ወረደ፣
ተሰላፊውን ሁሉ አልፎ ከተቀያሪው ወንበር ዘንድ ሄደ።
እዚያ ነው። የመጨረሻው ስም።
በሁለት ዓመት ውድድር አንድ ደቂቃ አልተሰለፈም።

«ጋሼ» አለች፣ «ላስገባው?»
ገመዱን ጠቀለልሁ። መልሼ ፈታሁት።
«እስቲ» አልኋት፣
«እንየው።»