የሰሜን ፊት፣ ልኬት አንድ ለሃምሳ

ከማዘጋጃው ምድር ቤት፣ ከመዝገቦቹ ጓዳ፣
ወይዘሮ አረጋሽ ጓንቷን ስታጠልቅ ማልዳ፣
«ዛሬም መጣሽ?» አለችኝ፣ ቁልፉን ከወገቧ ፈትታ፣
«ቤት እንደጠፋበት ሰው፣ በጠዋት በማታ።»

ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ጎረቤት ሲጠይቅ፣
«ቤት ትሠሪያለሽ?» ይላል፤ «አይ» እላለሁ በሳቅ፤
«ቤት እንዴት እንደተሣለ ነው የማጠናው እኔ።»
«ኪራይ ያወጣል ወይ?» አለች አከራዬ፣ ቆማ ከጎኔ።
ዶክተር ሳህለ ደግሞ ኅዳጉ ላይ ይጽፋል፣
«ክርክርሽ የታል?» ይላል፤ ያሰምርበታል፤ ያልፋል።

ክርክሬን አላውቅም። የማውቀው ጥቅል ነው፣
ሰም የጠጣ ጨርቅ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፤
ፒያሳ ላይ የነበረ፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣
ከመሠረት እስከ ክዳን፣ ከበር እስከ መስኮት።
«የሰሜን ፊት» ይላል፣ «ልኬት አንድ ለሃምሳ»፣
ከሥሩ አንዲት ፊደል፣ አቧራ ለብሳ፦
ጌ።

ጌጤነህ? ጌራወርቅ? ጌዴዎን? ማን ይሆን?
የደመወዝ መዝገቡን ሳገላብጥ ሰነበትሁ ሳምንቱን።
መሐንዲሱ ሙሉ ስም አለው፣ ማኅተም፣ ማዕረግ፤
ነዳፊው «ሠራተኛ፣ ፩» ነው፤ እርሱን ማን ይፈልግ?

በረንዳው ከግድግዳው አንድ ክንድ ወጥቷል፤
ጥላው ግን አራት ክንድ ቁልቁል ወርዷል።
ደንቡ እንዲህ አይልም። ደንቡ፣ በመርከብ የመጣ፣
ብርሃን ከግራ ትከሻ፣ በአርባ አምስት ዲግሪ ይውጣ፣
ጥላና በረንዳ እኩል ይሁኑ ይላል፤
ለየትኛውም ከተማ፣ ለየትኛውም ቀን ይበቃል።
ስለዚህ ቀይ እርሳስ መጥቶ ጥላውን ከብቦታል፣
በሰው አገር ቋንቋ «ስህተት» ብሎበታል።
ሁለት ጊዜ አስምሮ።

እኔም ዓመት ሙሉ በቀዩ አመንሁ፤
«የተማሪ እጅ» ብዬ ካርዴ ላይ መዘገብሁ።
ምዕራፍ ሁለት ላይ፣ ገጽ ሠላሳ ዘጠኝ፣
«ደንብ ያልገባው ነዳፊ» ያልሁት፣ እስከዛሬ ቆጠቆጠኝ።

በግንቦት መጨረሻ፣ ከቸርችል ጎዳና አናት፣
በቀትር፣ ያለ ቁርስ፣ በባዶ አንጀት፣
ፊቴን ወደ ሰሜን አድርጌ፣ ታክሲ ስጠብቅ ተራ፣
ፀሐይ ግንባሬን ጠበሰችኝ። ቆይ፤ በየት በኩል ዞራ?
ለካ ክረምት ሲገባ፣ እዚህ፣ በእኛ ሰማይ፣
በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው ፀሐይ!
ደንቡ በተጻፈበት አገር የሰሜን ግድግዳ
ቀትርን አያውቅም፤ ዕድሜውን ጨለማ ነው፣ እንደ ጓዳ።
ጌ ግን ደንቡን ትቶ ቀና ብሎ አየ፤
የቤቱን ጥላ ለካ፤ ቀንን ከቀን ለየ።
ወደ ምድር ቤት ሮጥሁ። ከጌ ጎን፣ ሳላየው የኖርሁት፣
በግእዝ ቁጥር፣ ሰኔ ፲፬፤ እድፍ ነው ያልሁት።

ሰኔ አሥራ አራት ቀን ሜትሬን ይዤ ሄድሁ።
ቤቱ የለም። እርሱንማ ቀድሞም አውቃለሁ።
አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ ጉድጓድ፣
ዘበኛው ጋሽ ኦርዶፋ እርጥብ እንጨት ሲያነድ።
«ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። «ጥላ» አልሁት። ሳቀ።
ኩርሲውን ሰጠኝና ከኔ ጋር ጠበቀ።
ስድስት ተኩል ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው
ደመናውን አንድ ነገር መሐል ለመሐል ቀደደው።
ከአጥሩ አናት አንድ ሳንቃ ክንድ ያህል ወጣ ብሏል፤
ጥላው በቆርቆሮው ላይ እንደ ውኃ ይወርዳል።
ሜትሬን ዘረጋሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት።
ጫፉን የያዘው ጋሽ ኦርዶፋ ነው፤ እርሱ ነው ያለው «አራት!»

ወዲያው ዘነበ።

ገጽ ሠላሳ ዘጠኝን ሰረዝሁ። አሁንም ዶክተር ሳህለ፣
«አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም፤ ሌላ ማስረጃ የታለ?»
እውነቱን ነው።

ወይዘሮ አረጋሽ ከላይኛው መደርደሪያ፣ በመሰላል፣
ሌላ ጥቅል አወረደች፤ «ይኼስ ቤት ይሆንሻል?»
«የደቡብ ፊት» ይላል። ልኬቱ ያው። ከሥሩ ያችው ጌ።
ጠጋ ብዬ አየሁት፣ አጉሊ መነጽሬን ፈልጌ።
በረንዳው አለ። ክፈፉ አለ። መስኮቶቹ አሉ።
ጥላ ግን የትም የለም፤ ባዶ ነው ግድግዳው ሁሉ።
በሰኔ ቀትር ደቡቡ ራሱ ጥላ ነው፤ ምን በምን ላይ ይጥላል?
ቀዩ እርሳስ መሐል ላይ፣ ጫፉ እስኪሰበር፣ እንዲህ ይላል፦
«ጥላው የታለ?»