ወደ ባሕር፣ በባጃጅ

ሾፌር ነበር አባቴ፣ የትሬንታ ኳትሮ፣
የጅማን ቡና ጭኖ፣ ሸራውን ወጥሮ፣
አስመራ አድሮ ሲነጋ፣ ቁልቁል ተወርውሮ፣
ነፋሲት፣ ጊንዳዕ፣ ዶንጎሎ፣ ጥምዝ ጥምዙን ቆጥሮ
ምፅዋ የሚገባ።

ሲመለስ ያወራል። እናቴ ነፊሳ፣ ያኔ ገና ሙሽራ፣
የእጇ ሂና ሳይደበዝዝ፣ ትሰማለች ሲያወራ፦
የዛጎል ድንጋይ ቤቱን፣ የእንጨት ወንፊት መስኮቱን፣
ቱርኮች ያቆሙትን ቅስት፣ ጨው የበላውን መዝጊያውን፤
ሳንቡክ ሲገባ ማታ፣ የዓሣ ሻጩን ጩኸቱን፤
በርበሬ የተቀባ ዓሣ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ
ከጉድጓድ ምድጃ ሲወጣ፣ ጠርዝ ጠርዙ ደርቆ፤
ሙቀቱን ደግሞ! ሰው አልጋውን ሰገነት አውጥቶ
ሰማይ ለብሶ ሲተኛ፣ ቤቱን ለወበቁ ትቶ።
«ውሃው ግን ጨው ነው» ይላል።
«ጨው? ውሃ?» «ወላሂ፣ ጨው።»
«ማን ጨመረበት?» «እንጃ። ስትሄጂ ጠይቂው።»

«ስትሄጂ» ያላት ቃል እንደ ዱቤ ተጽፋ ቀረች።
በመጀመሪያው ዓመት እኔ መጣሁ፤
በሁለተኛው ሞተሩ ነከሰ፤
በሦስተኛው ጦርነት ሆነ፤ ድልድዩ ፈረሰ፤
ከዚያ መንገዱ ድንበር ሆነ፤ ድንበሩም አንድ ሰሞን ተከፍቶ
እማዬ ሻንጣ ስታወርድ፣ ጠበቃት ተዘግቶ።

ዘንድሮ ቆረጥኩ። ከዓመት ፈቃዴ ሦስት ቀን ተርፎኛል፣
ደሞዜ ላንጋኖ አያደርስም፣ ቦዬ ግን ይበቃኛል።
ቶፊቅን ከነባጃጁ ለግማሽ ቀን ተዋዋልኩ፤
«እማዬ ተነሺ፣ ባሕር ነው የምንሄደው» አልኩ።
ለሠርግ ብቻ የምታወጣው ነጭ ጫማዋን አጠለቀች፤
«ይርቃል?» አለች። «ሩብ ሰዓት።» «አይ ባሕር!» ብላ ሳቀች።
አባዬ ከቶፊቅ ጎን፣ በግማሽ ጎኑ ተቀምጦ
«ማርሽ ቀንስ!» ይለዋል፣ በየአደባባዩ ደንግጦ።

ቦዬ እንግዲህ ደንገል ነው፣ ጭቃ ነው፣
መሃሉ ላይ ዝርግ ውሃ፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ያለው፤
ጉማሬ አለ ይባላል፤ እኛ ያየነው ጆሮ ነው።
ሳንቡክ የለም። ኢብሳ የሚባል ልጅ፣ በተበጣጠሰ መረቡ፣
አራት ቆሮሶ ይዞ፣ አምስተኛውን ቆጥሯል ልቡ።
ሁለቱን ገዛን። አባዬ ከዘራውን ጥሎ
ጉድጓድ ቆፈረ በእጁ፣ «ለሁለት ሰንጥቀው! ክፈተው!» ብሎ።
ዓሣው ግማሹ ከስሎ፣ ግማሹ ጥሬ፤
አጥንቱን እንኳ አልተውንም፣ እፍ እያልን በበርበሬ።

ከዚያ እማዬ ተነሳች። ነጭ ጫማዋን አወለቀች፤
ቀሚሷን ሰበሰበች፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች፤
በእፍኟ ጨለፈች።
ቀመሰች።
አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ፊቱን ወደ ደንገሉ አዞረ፤
ባለ ዕዳው ደጅ ላይ እንደመጣበት ሰው አቀረቀረ።
«ጨው የለውም» አለች።
ዝም።
አንድ ጋጋኖ በረረ።

ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ ለዓሣው የያዘችው ጨው ነው፤
ቆንጥራ እፍኟ ውሃ ላይ ጣለች፣ በአውራ ጣቷ በጠበጠችው፤
ጠጣች። ፊቷ ተጨማደደ። ተፋችው።
«ኡፍ! አንተ ሰውዬ፣ ሃምሳ ዓመት ያስናፈቅከኝ... ይሄንን?»
እና ሳቀች፤ ሳቋ ኢብሳን ከነመረቡ እስኪያዞረው።
አባዬ አልሳቀም። ተንፏቆ መጣና እጇን ያዛት፤
ከመዳፏ የቀረውን ጠጣ፤ ዐይኑን ጨፈነ፤
«እሱ ነው» አላት።

ቶፊቅ ሒሳብ ጨመረብን፣ ጎማዬን ጭቃ በላው ብሎ።
ጎረቤቷ ኢክራም «የት ጠፋችሁ?» ስትላት በአጥር አሾልቃ፣
«ባሕር» አለች እማዬ፣ ጫማዋን እያሸች፣ ጭቃውን አለቅልቃ፤
«ይሸታል ደግሞ። እንዳትመኚው።»

ሌሊት፣ በገርበብታው በር፣ አባዬን አየሁት በእንቅልፉ
እጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ ግራ ሲጠመዘዙ፣ ቀኝ ሲያጥፉ፤
ዶንጎሎ ሳይደርስ አልቀረም።
ከጎኑ፣ በጨለማው፣ አንድ ድምፅ፦
«ቀስ በል እንጂ፤
ዛሬ የጫንከው ቡና አይደለም።»