መቶ አሥራ ሁለት የወንበር እግር

ጥር ነው በናሪን፤ ወንዙ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣
ምድጃው ከሰሉን ያኝካል አቀርቅሮ።
ሃያ ስምንት ልጅ፣ ሃያ ስምንት ካፖርት፣
አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ የምታንቀላፋ መብራት፤
መምህሯ እኔ ነኝ፣
ደወል የምደውል፣ ስም የምጠራ፣ ሲመሽ ድምፄ የሚዘጋብኝ።

ኑርዶሎት ከጥግ ነው። ቃል አይወጣውም እንጂ ያልሰማው ነገር የለም፤
የሰው ጆሮ መዝጊያ አለው፣ የእሱ ግን አይዘጋም።
ወንበር ሲጎተት፣ ጣውላውን ሲፍቅ እግሩ፣
ለእኛ ኮሽታ ነው፤ ለእሱ ግን ቢላ ነው ነገሩ፤
ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣
እዚያው ሆኖ ይጮሃል።
«ሥርዓት የለውም» ብዬ ጻፍሁ በመስከረም።
ገጹ አሁንም አለ። አልቀደድሁትም።

ባይዛክ ሲያነብ
መስመሩ እንደ ጠቦት አጥር ዘሎ ይሄድበታል፤
ሊይዘው ጣቱን ይሰዳል፣ ጣቱ ሌላ ቃል ላይ ያርፋል።
የአጎቱን በጎች ግን በቃል ብትጠይቁት፣
በቀለም፣ በእናት፣ በተወለዱበት ሌሊት
ይዘረዝራል፤ አንዲት ግልገል አትጎድልበት።

አይቸሪክ ደግሞ ትስቃለች።
«ገባሽ?» ስላት ትስቃለች፣ «ተነሽ» ስላት ትስቃለች፤
ከግቢው ሁሌም መጨረሻ፣ እየሮጠች ትገባለች።
ሰነፍ ናት አልን።

ለወረዳው ጻፍሁ፤ አጋዥ መምህር ላኩልን አልሁ።
«ደብዳቤዎ ደርሶናል» አሉኝ።
እውነት ነው። ደርሷቸዋል።

አንድ ምሽት አሳናሊ፣ በረዶ ጠራጊያችን፣ የምድጃውን አመድ ሊያወጣ
ብቻዬን ተቀምጬ አገኘኝ፤ አካፋውን ግድግዳ አስደግፎ መጣ።
«ልጁ ጮኸ ትላላችሁ» አለኝ። «እስቲ አዳምጪ፤
ቀድሞ የሚጮኸው ወንበሩ ነው።»

በማግሥቱ ተሸክሞ መጣ የበግ ጠጉር ምንጣፍ፣
የአውራ በግ ቀንድ የተሰፋበት፣ ብል የጀመረው ከጫፍ።
«የሟች ሚስቴ እጅ ነው።» መቀሱን መያዝ ፈራሁ።
«ቁረጪ፤ ብል ከሚበላው ልጅ ይቀመጥበት» አለኝ፤ ቆረጥሁ።

መቶ አሥራ ሁለት እግር። አንድ በአንድ ጫማ ሰፋንላቸው፤
ሙጫው እኩለ ሌሊት አለቀ፤ ቀሪዎቹን በሚስማር መታናቸው።
ለእኔ ወንበር አልተረፈም።
ይሁን፤ እኔ ቀስ ብዬ እቀመጣለሁ።

ደወሉን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁት፤ በምትኩ ቀይ ጨርቅ ከመስኮት፣
ሲወጣ ግቡ፣ ሲገባ ውጡ፤ ልጆቹ ጨዋታ አደረጉት።
በሦስተኛው ቀን፣ ጨርቁ በነፋሱ ገና ሳይረጋ፣
አይቸሪክ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች፤ በሩን በትከሻዋ ገፍታ።
ያን ጊዜ ገባኝ።
ደወሉን አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም።
አምስት ወር ሙሉ የጓደኞቿን ጀርባ እያየች ነበር የምትከተል፤
ሳቋም መልስ አልነበረም፤ መሸሸጊያ እንጂ፣ ደግመን እንዳንጠይቃት።

በሳምንቱ ተቆጣጣሪው መጣ። ቅጽ ዘረጋ።
«ልዩ ፍላጎት ያላቸው ስንት ናቸው?»
አንድ ጣቴን አነሳሁ፤ ሁለት፤ ሦስት፤ መልሼ አጠፍሁ።
ሌሊት ከብት ስትጠብቅ አድራ ደብተሯ ላይ የምትተኛውስ?
አባቱ ከሞስኮ ደውሎ የማያውቀውስ?
እኔስ፣ ድምፄ ሲዘጋ?
ቅጹ ላይ ያለው የቁጥር ቦታ ብቻ ነው።

ሊቀመጥ ወንበሬን ጎተተ።
ያ ድምፅ! ክፍሉ በሙሉ ዞረ፤ ኑርዶሎት ጠረጴዛ ሥር ገባ።
ዝም አልን። የተቆጣጣሪው እጅ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ቀረ።
ቆይቶ ልጁ ወጣ፤ ማንንም አላየ፤ ተንበረከከ፤
የሹራብ ጓንቱን አወለቀ፣
አንዱን ከፊተኛው እግር ሥር፣ አንዱን ከኋለኛው ወሸቀ።
ከዚያ ባዶ እጆቹን አየ። የቀሩትን እግሮች አየ።

ወንበሩ ተንጋዷል።
ሁለት እግር ገና ባዶ ነው።