የበጋ ናፍጣ

ሠላሳ ስምንት፣ ከዜሮ በታች። ካራሾክ፣ ጥር መባቻ፤
ፀሐይ ከጠፋች ወር ሆኗታል፣ ያለን የበረዶ ብርሃን ብቻ።
ከግቢው ጥግ የአባቴ ሃይሉክስ ደሪቶ ለብሶ ቆሟል፣
አንዱ በሩ በገመድ ታስሮ፣ ሌላውን ዝገት ቆርጥሞታል።

ቁልፉን እስከ ግማሽ አዙሬ እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት… ሃያ፣
ካንዴላዎቹ እስኪግሉ ድረስ፤ ይህ ነው የሽማግሌ ማሟሟቂያ።
ከዚያ ሙሉ። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ባትሪው ደህና ነው፣ አዲስ፣
ይዞራል፣ ይዞራል፣ እህል እንዳልገባበት ወፍጮ፣ የለም የሚቀመስ።

ወርጄ ጭስ ማውጫውን አየሁ። ምንም። እንኳን ጥቁር፣ ነጭም የለ።
አባቴ እንዲህ ይል ነበር፣ ሲጋራው ከከንፈሩ እንደ ተንጠለጠለ፦
«ነጭ ከጨሰ ናፍጣው ደርሷል፣ እሳት ነው ያጣ፤
ጥቁር ከጨሰ ጠግቧል፣ አየር ነው የታጣ፤
ምንም ካልጨሰ ግን፣ ልጄ፣ ካንዴላውን አትውቀሺ፣
እህሉ ከጎተራ አልወጣም፤ ሂጂና ፊልትሮውን ዳብሺ።»

ፈታሁት፣ በባዶ እጄ፤ ጓንት ብሎን አይዝም።
ብረቱ የጣቴን ቆዳ ነክሶ አስቀረ፤ ወዲያው እንኳ አላመመኝም።
ውስጡ ናፍጣ አይደለም፤ ሻማ ነው፣ ገንፎ ነው፣ የረጋ ስብ፤
የበጋ ናፍጣ! ማን እንደ ቀዳው አወቅሁ፣ ብዙ ሳላስብ።

ኒላስ። ወንድሜ። በነሐሴ ከአንድ ገበሬ በርሜሉን በርካሽ ገዝቶ፣
የተዋሰውን መኪና ሲመልስ፣ ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሞልቶ።
ለውለታ መሆኑ ነው።

እናታችንን ከቀበርን ወዲህ፣ አጋዘን ስንካፈል ከተቀያየምን፣
እህትና ወንድም የሚያሰኘን ይህ መኪና ብቻ ነው የቀረን።
ስለ ፍሬኑ እንጻጻፋለን፤ ስለ ቺንጊያው፤ ስለ ዘይቱ መጠን።
ስለ እሷ አንጻጻፍም።

በረዶው ከላይ ጠጥሮ የድንጋይ ሽበቱን ሸሽጓል፣
ከሐይቁ ማዶ መንጋው ድርቆሽ፣ ድርቆሹ መኪና ይጠብቃል።
«ናፍጣው ረግቷል» ብዬ ጻፍኩለት። ማን ቀዳው አላልኩም።
«መጣሁ» አለ። እሱም ሌላ አልጨመረም።

ስድሳ ኪሎ ሜትር በጨለማ ነድቶ፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ደረሰ፣
አዲሱን ፊልትሮ እንደ ጫጩት በብብቱ ታቅፎ፣ ሹራብ ያለበሰ።
«ደህና ነሽ?» አላለም። «ሞተሪኖውን አላቃጠልሽውም?» አለ።
«አሥር ሰከንድ፣ ከዚያ እረፍት» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ከሥሩ ተንከባለለ።

ምድጃ ከሰልባትዮው ሥር አኖርን፤ ሸራ እንደ ቀሚስ አለበስነው፤
የናፍጣውን ቧንቧ ክንድ በክንድ በፀጉር ማድረቂያ ዳበስነው።
የእናታችን ማድረቂያ ነበር።
ሁለታችንም አየነው።

የረጋውን ቀድተን የክረምቱን ሞላን፤ አየሩ ግን ገና አለ፣ ከመስመሩ ውስጥ ያደፍጣል፤
እኔ የእጅ ፖምፓዋን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፣ እሱ ብሎኑን ያላላል።
አረፋ። «ገና» ይላል። እጫናለሁ። አረፋ። «ገና» ይላል።
ስንት ጊዜ እንደሆን እንጃ። ጣቴ የእኔ አልመስል ብሎኛል።
«አሁን» አለ። ጥሩ፣ ቀይ ናፍጣ በመዳፉ ላይ ይወርዳል።

ቁልፍ፣ እስከ ግማሽ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አብሮኝ ቆጠረ።
ሃያ ላይ ላዞር ስል፣ «አባባ እስከ ሠላሳ ነበር» ብሎ ተከራከረ።
«ሃያ ነው» አልኩ።
እስከ ሠላሳ ቆጠርን።

ከዚያ አንዷ ሲሊንደር፣ ሁለት… ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ኒላስ ጠፋ፤
ሳሉን ብቻ ሰማሁ። ቀስ በቀስ ጭሱ ሳሳ፤ የሞተሩ ድምፅ ሰፋ።
አራቱም ገጠሙ። ድርቆሹን ጫንን። «እንዳታጠፊው» ብሎኝ ሄደ።

በማግስቱ ጻፈ፦ «የቀኙ ጎማ ኩሽኔታ ያለቅሳል፣ አልሰማሽም?»
ከኅዳር ጀምሮ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ፤ እንቅልፍ ነስቶኛል ጭምር፣ ግን—
«አልሰማሁም» አልኩት።
«ቅዳሜ ናና አሰማኝ።»