ባቄላ የሌለው ስልጆ

መንበሩ ወንድሜ ከሐኪም ቤት መጣ፣
በአራት ያጠፈውን ወረቀት ከደረት ኪሱ አወጣ።
እንጀራው፣ ዳቦው፣ ድንቹ፣ ንፍሮው፣
ባቄላው ሳይቀር ከነዱቄቱ
በቀይ እስክሪብቶ ተከበዋል፣ እንደ ሰነፍ ልጅ ስሕተቱ።

ሐኪሟስ «ቀንስ» ነው ያለችው፣ እኔም አንብቤዋለሁ፤
የእሱን መቀነስ ግን አውቀዋለሁ።
መተው እንጂ መቀነስ የት ያውቃል?
ሲጋራውን እንዲህ ተወ፣ ባንድ ሌሊት፤
የኮምቦልቻ ፋብሪካውን እንዲህ፤
ሚስቱንም፣ እግዜር ይይለት፣
እንዲሁ ባንድ ማክሰኞ ዕለት።

«ስልጆስ?» አልኩት።
«ስልጆ ከምንድን ነው?» አለኝ፣ ሊስቅ ፈልጎ፤
ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቆመ፣ እንደ ጫነ መኪና በሐረጎ።

ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ ይላል ሰው፤
እኛ ቤት የቀለለ የለም፣ ገበታው ነው የከበደው።
ሁዳዴ ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶታል።
ያለ ስልጆ ሁዳዴ በእናታችን ቤት መቼ ታይቶ ያውቃል?

ሰኞ ገበያ ወረድኩ፤ ጦሳ ራሱን ተከናንቦ፣
ሸራው ጤዛ አዝሎ፣ መሬቱ ርሶ፣ ጫማዬ ጭቃ ጠግቦ።
ዘምዘም አበባ ጎመን ቆልላለች፣
ሌሊት ከቆላ የወጣ፣ ቅጠሉ ገና ያልጠወለገ፤
አንዱን አንስታ «ለማን ነው አበባው? ማነው የታደለ?»
«ለወንድሜ።»
«እሱንስ ምን ልታደርጊው?»
«ስልጆ።»
እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ።
«አንቺየ!» አለች፣ «ስልጆ ከአበባ?
አብሽሪ፣ ያልፋል።»
ዋጋ ግን አልቀነሰችም። እሷም መቀነስ አታውቅም ይሆናል።

ቀቀልኩት። ሽታው ቤቱን እንደ እርጥብ ካልሲ ሞላው።
በእናቴ ሻሽ ጠቅልዬ ጠመዘዝኩት፣
እንደ ብርድ ልብስ ጨመቅኩት፣
ይንጠባጠባል፣ ይንጠባጠባል፣ ውሃው መቼ ሊያልቅ፤
ለካ አበባም እንደ ሰው ነው፣ ሆዱ ውስጥ ብዙ የሚደብቅ።
ሱፉን ቀቅዬ፣ ወቅጬ፣ አጠለልኩ፤ ወተት መሰለ።
ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ከጓሮ አንድ ዘለላ ጤናዳም፣
ለማያያዣ ተልባ በማንኪያ፤
ደቆስኩ፣ መታሁ፣ በማሰሮ ከደንኩ። ጠበቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ተበላሸ።
አልጎመዘዘም፣ ገማ እንጂ፤ ድመቱ እንኳ አሽቶ ሸሸ።
ኩፍ የሚያደርገው ባቄላው ኖሯል፤
እኔ እጄ መስሎኝ ነበር፣
ስንት ዓመት ሙሉ «የትዋብ እጅ» ሲባል።

ሁለተኛውን አላቆየሁም፤ ፈራሁ።
ጎምዛዛነቱን ከሎሚ ተበደርኩ፣
እሁድ ማታ ከነጉድለቱ አቀረብኩ።
የጎመን አንጓ፣ ኪያር፣ ቃሪያ በየረድፉ፤
ነጭ ነው ስልጆው፣ ልስልስ ነው፣
ሲያዩት እውነተኛ ነው የሚመስለው።

መንበሩ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ።
ጣቶቹ ልማድ አለባቸው፤
ሦስቱ ገጥመው ወረዱና ከባዶው ትሪ ቆረሱ፣
አየር ይዘው ተመለሱ።
ሁለታችንም አየን። ሁለታችንም አላየንም።
ቀስ ብሎ የጎመን አንጓ አነሳ፣
ጠቀሰ፣
አላመጠ፣ ረጅም ጊዜ፣ የፈትል ማሽን እንደሚያዳምጥ ሰው
ጆሮውን ዘንበል አድርጎ።
ዓይኖቹ ሞሉ።

«ሰናፍጭሽ» አለኝ በእጅጌው እየጠረገ፣ «ዘንድሮ ኃይለኛ ነው።»
«ነው» አልኩት።
«የእናቴን ይመስላል።»
«ይመስላል።»
እና ደገመ፣ ማሰሮው ግማሽ እስኪጎድል።

እሱ ከተኛ በኋላ
ዕቃ ሳነሳሳ አየሁት፦
ሰናፍጩ ከነወረቀቱ፣ ዘምዘም እንደቋጠረችው፣
መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል።
ከጨው ጣሳው ኋላ ገፋሁት፣
ጠዋት ሲነሳ እንዳያየው።