«ተልኳል» ይላል

ኢማንትስ ደወለ፥ የካቲት ሲጋመስ፥
ወንዙ በረዶ ለብሶ ገና ሳይላወስ።
«ከኅዳር ጀምሮ አንድም ሰው አልጻፈም፤
ፒያኖ የሚያስቃኝ በኩልዲጋ የለም?»

ሱቁ ከሸክላው ድልድይ ማዶ ነው። ገባሁ።
ሆድ ዕቃው የተዘረገፈ ፒያኖ አየሁ፥
ጥርሱ ወልቆ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፥
ሽቦው እንደ አንጀት ተጎልጉሎ፥ ታስሮ፤
ከጎኑ ኮምፒውተር፥ ከአቧራ ጋር ኖሮ፥
ከፒያኖው ይልቅ እሱ ነው ያረጀው ዘንድሮ።

የእህቱ ልጅ ባይባ ነች የሠራችው ገጹን፥
ስም፣ አድራሻ፣ መልእክት፥ ባለ ሦስት ሣጥን ቅጹን።
ሠርታ ደብሊን ሄደች፥ ሆቴል ልትቀጠር፤
እሱ የሚያውቀው ቁልፍ የፒያኖ ነበር።

«ሙከራ አንድ» ብዬ ጻፍሁ። ነካሁት።
ገጹ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፦
«እናመሰግናለን። መልእክትዎ ተልኳል።»
ተልኳል ይላል። ጠበቅን።
ሻይ ጠጣን።
ሣጥኑ ባዶ ነው፤ የአይፈለጌው መጣያም ባዶ።
«ሙከራ ሁለት»። ተልኳል ይላል።
«ሙከራ ሦስት፦ እባክህ»። ተልኳል ይላል።
ኢማንትስ ሳቀ፦ «ልክ እንደ ወንድሜ ነው፤
እሱም ብድሩን ‹ልኬአለሁ› ካለኝ ሃያ ዓመቱ ነው።»

«መላክና መድረስ አንድ ይመስልሃል፤
መላክ አፍ ነው» አልሁት፥ «መድረስ እግር ይሻል።»

ወደ ሰርቨሩ ጓዳ፥ ወደ መዝገቡ ወረድሁ፤
እሱ ሽቦ ይቃኛል፥ እኔ መስመር ቃኘሁ።
ሁለታችንም ጆሯችን የሚያድነው አንድ ነው፦
ከዚህ ሁሉ መሐል የትኛዋ ናት የምትዋሸው?

አገኘኋት፦
ዳግማራ ከሪጋ ጽፋ ስትጨርስ፥
ሰርቨሩ ስሟን እንደ ካባ ይለብስ፥
«ዳግማራ ነኝ» እያለ ሩቅ ደጅ ይደርስ።
ዘበኛው መዝገቡን ገልጦ አየ፥
ካባውን ከለባሹ ለየ።
«የዳግማራ ቤት ደብዳቤ በዚህ በኩል አይመጣም፤
አስመሳይ ነህ» አለው፤ በሩን አላስገባም።
መልሱ ቁጥር ብቻ፦ አምስት መቶ ሃምሳ፤
ማንም ያላነበበው፥ መዝገብ ውስጥ የተረሳ።
ገጹ ግን ከፊት ቆሞ ፈገግ እንዳለ ነው።

መድኃኒቱ ትንሽ ነው። ሁለት መስመር ለወጥሁ፦
«ላኪ» በሚለው ፊት የሱቁን ስም ጻፍሁ፥
ዳግማራን «መልስ ለ» በሚለው አኖርሁ።
በዶሜይኑ ደጃፍም፦ «ይህ ሰርቨር የእኔ ነው»
የሚል የምስክር ቃል ሰቀልሁ።

«ታዲያ» አለኝ፥ መዶሻውን እያሻሸ፥
«በራሱ ስም ቆሞ የሰው ቃል ያድርስ ነው የምትለኝ?»
«እሱን ነው።»
«ይህንንማ ፖስተኛው ቪሊስ ሳይማር ያውቀው ነበር።»

«ሙከራ ሠላሳ አራት»። ተልኳል ይላል።
ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

ቅጹ፥ ደግነቱ፥ ከሁሉም ቅጂ አስቀርቷል፦
አርባ አንድ ደብዳቤ።
መነጽሩን ሰክቶ ጮክ ብሎ አነበበ።
«የአያቴ ፒያኖ፥ ታችኛው ‹ላ› ያቃስታል።»
«ስጽፍ ሦስተኛዬ ነው፤ ኩሩ ሰው ነዎት ይሆናል።»
«ከትምህርት ቤቱ ነን፤ የገና ኮንሰርት አለን፤
ካልመጡ እንደተበላሸ እንጫወታለን።»
ገና ካለፈ ሁለት ወሩ ነው። ተጫውተዋል።
ኢማንትስ እዚህ ላይ ዝም አለ፤
አንዱን የወለቀ ጥርስ በአውራ ጣቱ ጠረገ።

አርባውን በሁለት ጣት፥ አንድ በአንድ መለሰ፦
«ይቅርታ፤ ዝም ያልሁት እኔ አይደለሁም።»
የመጨረሻዋ ከመንገድ ማዶ ነች፥
ዳቦ ጋጋሪዋ ስካይድሪቴ፦
«መብራትዎ ይበራል፥ ግን አይመልሱም።
ታመሙ እንዴ? ማንኳኳት ፈራሁ።»

ለእሷ አልጻፈም።
ቆቡን አነሣ፥ በረዶውን ረግጦ ተሻገረ።
በመስኮቱ አየሁት፤ አንኳኳ፤ በሩ ተከፈተ።

የወጣው የድካሜን ሳይከፍለኝ ነው።
ሒሳቡን በራሱ ቅጽ ጻፍሁለት፥ ማታ።
ተልኳል ይላል።