ስድስቷ ስትገለበጥ

በር ሠሪ ነኝ እኔ፣ ከቱሉ ዲምቱ ዘልቆ፣
መንገዱን ጭቃ ሲረከበው ኮብልስቶኑ አልቆ።
መብራት ሲኖር በያጅ፣ ሲጠፋ ጠባቂ፣
የራሴ ሳንቃ ላልቶ ለሰው ደጅ ተጨናቂ።

ያፌት፣ የእህቴ ልጅ፣ አንድ ቀን መጣና
«ድረ ገጽ የሌለው አንተ ብቻ ቀረህ» አለኝ እንደ ዜና።
«ሰው በሩን የሚያንኳኳው በስልኩ ነው ዛሬ።»
የአንድ በር ዋጋ ሰጠሁት፣ ከብረት መግዣዬ ቆንጥሬ።

ሠራው።
ሲከፍቱት አንዲት ክብ ትዞራለች፣
ትዞራለች፣
ገና ትዞራለች፤
ሻይ አዝዤ፣ ጠጥቼ፣ ሒሳብ ከፍዬም፣ አለች።

ኋላ ፎቶ መጣ፦ ወርቅ የተቀባ በር፣
ከጀርባው ባሕርና ዘንባባ፣ ነጭ መኪናም ነበር።
«ይሄን ማን ሠራው?» አልኩት።
«እኔ እንጃ፤ ግን አያምርም?»
የእማማ በለጡ አረንጓዴ በር፣ ያ ባለ ጨረቃ፣
ከግርጌው ጎማ ያለበስኩት እንዳይገባ ጭቃ፣
እሱ የለም።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለማን እንደሆነ እንጃ፤
«ዓለም አቀፍ» ይላል አሉኝ፣ «የላቀ ደረጃ»።
በር ስንት እንደሚያወጣ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣
እሑድ ክፍት ይሁን ዝግ፣ አንድም ቃል አይተነፍስ።

ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ አለች፤ ተከተልኳት በእግሬ፤
ባሕር ዛፍ መሀል ጣለችኝ፣ ከታሰረ በሬ።
በሬው ቀና ብሎ አየኝ፤
እንደ ደንበኛ ቆጠረኝ።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ስልኬ ዝም እንደ ድንጋይ።
«ገበያው ነው» አልኩ፤ «ብረትም ነክቷል ሰማይ።»
ትንሿን መበየጃ ሸጥኳት። ለኪራይ።

በጥቅምት አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ከዱከም ተሳፍረው፣
የልጅ ደብተር በብብታቸው፣ ሦስት ባጃጅ ጠይቀው።
«በር ሠሪው ሽመክት አንተ ነህ?» «ነኝ።» ተቀመጡ።
«ጡረተኛ ነኝ እኔ፤ ስልኬን በር፣ በር እያሉ ሰዎች አናወጡ።»

ስድስቷ ተገልብጣ ዘጠኝ ሆና ኖሯል፣
ከቁጥሬ መጨረሻ፤ ያፌት ተሳስቷል።
እኔስ? ስንት ማታ ያን ገጽ ከፍቼ ሳየው፣
የገዛ ቁጥሬን አንድ ቀን አላነበብኩት።

«መጀመሪያ ተቆጣሁ» አሉ፣ «ጆሯቸው ላይ ዘጋሁ።
በኋላ አንዲት ሴት ደወለች። በሯ ተሰብሮ፣
ሌሊቱን ቁም ሣጥን ደግፋበት አድራ።
‹ተሳስተሻል› ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እምቢ አለኝ።
ስሟን ጻፍኩት።
ከዚያ ወዲያ የደወለውን ሁሉ ጻፍኩት።»

ደብተሩን ገለጥኩ። እርሳስ፣ የድሮ መምህር እጅ፦
ገላን፣ መስኮት፣ ሁለት።
ቂሊንጦ፣ የጋራዥ በር፣ «ሳይዘንብ» ብሏል።
ኮዬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የበረንዳ ፍርግርግ፤ ዳዴ የሚል ሕፃን አላቸው።
ስሙን ያልነገረኝ፣ ቁልፍ ብቻ፣ ዛሬውኑ።
ሠላሳ አንድ ሰው።
ሠላሳ አንድ ጊዜ ደጄ ተንኳኩቶ፣
እኔ ከውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ሰው ጠፋ ስል ከርሜ።

«ሠላሳ ሁለተኛው እኔ ነኝ» አሉ ሲነሱ፤
«የዶሮ ቤት በር። ትንሽ። ሸለምጥማጥ አስቸግሮኛል።»
ገንዘብ አልቀበልም አልኩ። «እንግዲያው አላዝህም» አሉ።
ተቀበልኩ።

ያፌት ስድስቷን አቆማት፤ ባሕሩንም አነሳ።
የእማማ በለጡን በር ፎቶ አነሳነው፣
የልጆች ኳስ የፋቀው ቀለም ጭምር።
«ላጥፋው?» አለኝ። «ተወው፤ በር ነው» አልኩት።
ዋጋውን በአማርኛ ጻፍን፤ ከሥሩ፦
«እሑድ ዝግ ነን። ከጠፋችሁ፣ ባጃጁን ‹ብየዳ ቤቱ ጋ› በሉት።»

ከዚያ ደወልኩ፣ ከሴትዮዋ ጀምሬ።
ጠራ። ጠራ።
«ማን ልበል?»
«በር ሠሪው።»
ዝም አለች፣ ረጅም። ከጀርባዋ
አንድ በር ሲዘጋ ሰማሁ፣ ደህና አድርጎ፣ ሌላ ሰው የሠራው።
«አሁን?» አለች።

የዶሮ ቤቱን በር ያን ማታ ጨረስኩት።